ከጂፕሰሙ ጀርባ

ነገሩ የጀመረው እማዬ የድሮ ጎረቤቷን ልትጠይቅ ኮንዶሚኒየም ሄዳ በተመለሰች ቀን ነው። ሴትዮዋ የልደታ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ከተነሱት አንዷ ናት። እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ግድግዳው ላይ እጄን ባሳልፍ ምንም አልያዘኝም» አለችኝ። ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ በመስኮት ስለሚታየው ከተማ አንድም ነገር አልተናገረችም። ግድግዳውን ብቻ።

እኛ ያለነው ጠመንጃ ያዥ ነው። የአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ብዙዎቹ ስማቸው ከመኳንንቱና ከቤተ መንግሥት ባለሟሎች የተወሰደ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እንደሚባለው። የኛ ሰፈር ስም ደግሞ ጌታውን ጠመንጃ ይዞ የሚከተለውን ሰው ያስታውሳል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ ማገር፣ በማገሩ ላይ ጭድ የገባበት ጭቃ። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በፊት የአንድ ባለቤት የኪራይ ቤት ነበር አሉ፤ ከአዋጁ ወዲህ የቀበሌ ነው። እማዬ የገባችበት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ጭቃውን ንደን በብሎኬት እንሥራ እንዳንል ቤቱ የኛ አይደለም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ «ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል» የሚለው ወሬ አለ፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ወሬ። የቀረው ከውስጥ ማልበስ ነበር።

አክስቴ ስትሰማ ጮኸች። «በሚፈርስ ቤት ላይ ብር ትበትናላችሁ?»

እማዬ ቡናዋን እየቀዳች «እስኪፈርስስ የት ልኑር?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ስለ ብር የተነሳ ነገር የለም።

አንድ የጂፕሰም ሠራተኛ አገኘሁ፤ ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ። ግድግዳውን አየ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ውሃ ልክ አስጠጋ፣ ሳቀ። «ማዘር፣ ይሄ ግድግዳ ሰክሯል።» እውነቱን ነው፤ ከላይና ከታች መሃል የአንድ መዳፍ ልዩነት ነበረው። ስለዚህ ቦርዱ ጭቃው ላይ አይመታም፤ ፊት ለፊቱ የላሜራ ፕሮፋይል ይቆማል፣ ቦርዱ የሚታሠረው በሱ ላይ ነው። ልጁ በሁለት ቀን ፕሮፋይሉን በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አቆመ። የቦርዱ ወርድ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ ሁለት ቦርድ የሚገናኝበት ቦታ ሁልጊዜ ብረት ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀብድ እንደተቀበለ ሌላ ትልቅ ሥራ ተጠርቶ ጠፋ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሳደሰ ሰው ይህን አንቀጽ ዘሎ ቢያልፈው አይጎዳም።

የቀረኝ የቆመ ብረት፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቆለሉ ቦርዶች፣ አንድ የተከራየሁት ድሪልና እማዬ ናቸው።

ጂፕሰም ቦርድ ማለት በሁለት ወረቀት መሃል የተኛ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ አገራችን ውስጥ ሞልቷል፤ ወደ ጎጃም ስትወርዱ ጎሐ ጽዮንን አልፎ በዓባይ በረሃ የሚታየው ነጣ ያለ ድርብርብ አለት ውስጥ አለ። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሠረ ውሃ ነው። ወደ 150 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር ከዚያ ውሃ ሦስት አራተኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ላይ ውሃውን ስትመልሱለት ተመልሶ ድንጋይ። እሳት ቢነሳም ያ የታሠረ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ ሙቀቱን ያዘገየዋል። አውጉስቲን ሳኬት የሚባል አሜሪካዊ በ1894 እ.ኤ.አ. የቦርዱን አባት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ልስን ለስኖ እስኪደርቅ መጠበቅን ለማስቀረት ነው ሐሳቡ፤ የደረቀውን አምጥቶ መለጠፍ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን መጠበቁ አልቀረም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ።

መቁረጡን ቶሎ ለመድሁ። መጋዝ አያስፈልግም፤ የፊት ወረቀቱን በካተር ትጭረዋለህ፣ ከኋላው በጉልበትህ ትገፋዋለህ፣ ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ ከዚያ የኋላውን ወረቀት መቁረጥ ነው። ድምፁ ደስ ይላል። መምታቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ቦርድ 25 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሰው ይዞት ሌላው ብሎን እያስገባ ማለት ነው፤ ያዥዋ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋት እማዬ ናት። በጀርባዋ ደገፈችው። «ቶሎ በይ» ትላለች፣ እኔ ብሎኑን ከልክ በላይ አስገብቼ ወረቀቱን እቀዳለሁ። ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑ የያዘው ዱቄት ብቻ ነው፤ አጠገቡ ሌላ መምታት አለብህ። የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ያለውን ብሎን ብትቆጥሩት ወንፊት ነው የሚመስለው።

ልጁ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። «ቦርዱ ወለል እንዳይነካ፤ አንድ ጣት ከፍ አድርጊው።» ሁለት ሴቶች ይህን ክብደት አንድ ጣት ከፍ አድርገው ብሎን እስኪገባ መያዝ አልቻሉም። ወለሉ ላይ አቆምኩት። ከላይ የቀረውን ክፍተት በቁራጭ ሞላሁ፣ ከታች ዞኮሎ መትቼ ሸፈንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ መሣሪያውን ሊወስድ መጣ። እኔ ደንግጬ፣ እሱ አፍሮ፣ ቆመን ተያየን። ግድግዳውን ዞሮ አየና «ማን መታው?» አለ። ስነግረው የቀረውን ክፍያ ሳያነሳ ካልሲውን ለብሶ ስቱኮ ሊያስተምረኝ ተቀመጠ። ከታች ከፍ አድርገሽዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም። የተመሰገንኩበትን ሰዓት ማበላሸት አልፈለግሁ ይሆናል።

ያስተማረኝ ይህን ነው። ዱቄቱ ውሃው ላይ እንጂ ውሃው ዱቄቱ ላይ አይጨመርም። ባልዲው በየዙሩ ይታጠባል፤ ካለፈው የቀረ ፍርፋሪ ካለ አዲሱ ሳትጠቀሚበት ይይዛል። ከያዘ ደግሞ ውሃ ጨምረሽ አታታልዪው፣ ድፊው። መጋጠሚያው ላይ የመረብ ቴፕ ይለጠፋል፣ በላዩ ስስ ስቱኮ። ይደርቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰፋ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው። እኔ በአንድ ጊዜ አወፍሬ ልገላገል ስል እጄን በስፓቱላው መታ አደረገኝ። «ወፍራም ይሰነጠቃል፣ እህቴ።»

እማዬ ከበሩ ሥር ጤፍ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ጭቃም እንደሱ ነው» አለች።

ይሄኔ ነው እማዬ ግድግዳውን በየዓመቱ ስትመርግ የኖረች ሴት መሆኗ ትዝ ያለኝ። መስከረም ላይ ክረምቱ ያጠበውን ልትሞላ ጭቃ ታቦካ ነበር፤ እኛ ልጆቹ እግራችንን ታጥበን እንረግጣለን። ሳምንት ያህል ያድራል፣ ይሸታል፣ እማዬ ሽታውን አሽትታ «ደርሷል» ትላለች። መጀመሪያ ሻካራው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ይሰነጠቅና በላዩ ቀጭኑ፣ በመጨረሻ ኖራ። ጭዱ ለምን እንደሚገባ ልጁ ጠየቃት። «እንዳይለያይ ነዋ፤ ያንተ መረብ ለምንድነው?» ልጁ ቴፑን አየ፣ እሷን አየ፣ «ማዘር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ ባለሙያዋ» አለ። እስኪመሽ ሁለቱ ሲያወሩ እኔ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ አቧራ እጠጣለሁ።

ማታ ላይ የመጨረሻውን ዘዴ አሳየኝ። አምፖሉን አጠፋና የስልኩን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ወደ ጎን አበራ። ቀን ለስላሳ የነበረው ሁሉ ጉብታና ጉድጓድ ሆነ፤ እያንዳንዷ የስፓቱላ መስመር ጥላ ጣለች። «ሰው በዚህ መብራት አያይም» አልኩት። «ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባስ?» አለኝ። ሁለት ቀን ተጨማሪ ፈገፈግኩ።

ለግንቦት ልደታ ደረሰ። ግንቦት 1 ጎረቤቱ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ንፍሮ እየቀመሰ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ ውስጥ እየገቡ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳለፉ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እጃቸውን ታያለች። ንፍሮ የነካ እጅ መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው ከሥዕሉ ነው። እማዬ የእመቤታችንን ሥዕል እንደለመደችው ሚስማር መታ ሰቀለች፤ ሌሊት ወደቀ። ጭቃው ሚስማር ይይዝ ነበር፤ ጂፕሰም አይዝም፣ ወይ ብረቱን ፈልገህ እሱ ላይ መምታት ነው። ከዚያ ደግሞ «ቤቱ ድምፁ ተለወጠ» አለች። ባንኳኳው እውነትም እንደ ከበሮ ነው። እነዚህን በሳቅ አለፍናቸው።

ነሐሴ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። በዞኮሎው በላይ ቀለሙ መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ እንደ ግራጫ ላብ ያለ ነጥብ አወጣ። ቤቱ መሽተት ጀመረ፤ የደረሰ ጭቃ ሽታ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። እማዬ ማታ ማታ ትሳል ጀመር። ብርዱ ነው አለች፤ እኔም ብርዱ ነው አልኩ። አንድ እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዞኮሎውን ነቀልኩ። የቦርዱ ታች በጣቴ ስነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ገባ። ወለሉ ያዘለውን ውሃ ወረቀቱ እንደ ኩራዝ ክር ስቦታል። ከጀርባ ያለው ጭቃም ረጥቧል። ድሮም ክረምት ይረጥብ ነበር፤ ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጪም እየተነፈሰ፣ የከሰሉም ሙቀት እያገዘው ይደርቅ ነበር። እኔ የውስጡን በር ዘጋሁበት።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግማሹን ፈትቼ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ወለሉ ላይ ማቆሜን፣ ልጁን መዋሸቴን ነገርኳት። ጎንበስ ብላ እጇን ከቦርዱ ጀርባ አስገባችና ጭቃውን ዳሰሰች። ስንት ዓመት የመረገችውን ራሷን ግድግዳ፤ ካየችው ስድስት ወር ሊሆነው ነው።

«አልወደቀም» አለች። «ውሃው ከውጪ ነው የሚመጣው፤ ቦዩ ተደፍኗል። እኔ እያየሁ ዝም አልኩ።»

መጀመሪያ የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚወርድበትን ቦይ ቆፈርን። ጥቅምት ላይ ደረቅ ሲሆን በውጪው ግድግዳ በኩል ያለውን ቦርድ ከታች 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ አወጣሁ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ደህና ነበር፣ አልነካሁትም። ከላይም ጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ተውኩ። ከብት ከሚያደልቡ ሰዎች የጤፍ ጭድ ገዛሁና እማዬ እያዘዘችኝ ጭቃ አቦካሁ፤ እግሬን ታጥቤ ረገጥኩ። ስንደርስ መርጉን ለራሷ ወሰደች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በመዳፏ፣ ከታች ወደ ላይ። እኔ ስፓቱላ ላቀብላት ስል «ይሄ እጅ አያውቅም» አለችኝ፤ ስፓቱላውን ነው ያለችው።

አሁን ግድግዳችን ከወገብ በላይ ኮንዶሚኒየም፣ ከጉልበት በታች ጠመንጃ ያዥ ነው። መገናኛው ላይ ቀጭን ጣውላ አለ። አክስቴ «ቀሚስ ለበሰ» ትለዋለች። የእማዬ ሳል ቀንሷል፤ ሥዕሉም ብረቱ ላይ ተሰቅሏል። ወሬው እንዳለ ነው፤ ሰሞኑንም ሊለኩ የመጡ ሰዎች ታይተዋል ይባላል።

ባለፈው ሳምንት ከታች ያለችው ጎረቤታችን መጣች፤ የልጇ ሰርግ ደርሷል፣ ለሷም እንድመታላት ፈልጋ። ብሩን በመሀረብ ቋጥራ ይዛዋለች። ቤቷ ሄጄ ከሁሉ በፊት አልጋውን አስነስቼ ከኋላው ያለውን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። «እትዬ፣ የጣሪያው ውሃ የት ነው የሚወርደው?» አልኳት። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።