የትም የማያደርስ ደረጃ

ሙሶሎኒ ስድስት ኪሎ ላይ ደረጃ አለው። ይህን ስል የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉኝ፤ ደረጃው ግን ቁጣቸውን ሰምቶ አልተነሣም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና በር አልፎ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዘለቀ ሁሉ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያገኘዋል። ጣሊያኖች ያቆሙት የሲሚንቶ ደረጃ ነው። በ1915 ዓ.ም. ወደ ሮም ከተደረገው የፋሺስቶች ግስጋሴ ወዲህ ሰውየው ሥልጣን ላይ ለከረመበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ደርድረውለታል። እየተጠማዘዘ ይወጣና አየር ላይ ያበቃል።

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለምንኖር ይህ ቀልድ አይገባንም። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው፣ ደረጃ ምን እንደሆነ ጉልበቱን ቢጠይቁት ይነግርዎታል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ላሳያት የወሰድኳት የእህቴ ልጅም የሰፈሯን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወደ ማን ቤት ነው የሚያወጣው?»

«ወደ ማንም።»

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

ቤቱ ራሱ የንጉሡ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው አሠሩት፤ ሳይጠግቡት ጣሊያን ገባና የጣሊያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። እሱ ቆስሎ ተረፈ፤ በተከታዮቹ ሦስት ቀናት ያለቀው የከተማው ሰው ነው። ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የእነዚያ ሟቾች ነው።

ጣሊያን ሲባረር ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ዶማና ጥቂት ጉልበተኛ ይበቃ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ሲሚንቶውንም ድካሙንም ተሰዳቢው ራሱ የቻለበት ስድብ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጠባ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ቤቱ ግን አልቀናውም። በታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን የታገቱት መኳንንትና ሹማምንት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ ወደቁ። ራስ አበበ አረጋይም፤ ያን ሁሉ ዘመን በሸዋ ዱር ከጣሊያን ጥይት የተረፉት አርበኛ ማለት ነው።

ደም የፈሰሰበትን ቤት ደላላም አይደፍረው። ንጉሡ ለተማሪ ሰጡት፤ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። ተማሪው ውለታውን እንዴት እንደመለሰ በ1966ቱ አብዮት አይተውታል።

ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ፎቅ ላይ የንጉሡ መኝታ ክፍል እንዳለ ተቀምጧል፤ መስታወታቸው ላይ የዚያ የታኅሣሥ ጥይት ቀዳዳ አለ። እኔ ቀዳዳው ላይ ስፈላሰፍ የእህቴ ልጅ አልፋኝ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ደርሳ ኖሯል። ገንዳውን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ይመጣል?»

አስጎብኚው ሳይሰማት፣ ቧንቧውንም ሳትሞክረው እጇን ያዝኩ።