በሠርግና በለቅሶ መካከል

በሀገራችን ሁለት ነገሮች ያለ ሥርዓት አይከናወኑም፤ ሠርግና ለቅሶ። ለሠርጉ ሽማግሌው፣ ዳሱ፣ ሚዜው፣ መልሱ አለ። ለለቅሶው እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ይዞ ከደጃፍ ይደርሳል፤ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን እንግዳ እንደሚቀበል፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር ጠያቂም አስረጂም አያሻውም። ሕጉም ከባህሉ ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ጋብቻ ሲፈጽም ወይም የትዳር ጓደኛው ሲሞትበት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅድለታል። በሁለቱ መካከል ለሚያጋጥም ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ግን የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ከ2 ጊዜ ላልበለጠ ነው።

ይህን አንቀጽ በቃሌ የያዝሁት የሕግ ሰው ሆኜ አይደለም። ቀን በባንክ መስኮት ብር፣ ማታ በደብተሬ ላይ የስንኝ ቀለም የምቆጥር ሰው ነኝ። አዋጁን ገልጬ ያነበብሁት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የ34 ዓመቷ ባለቤቴ ለጡት ካንሰር የታዘዘላትን ኬሞቴራፒ በጀመረች ሰሞን ነው። ሞትም ሠርግም አልነበረም። በመካከላቸው ያለው ስሙ ያልወጣለት ሀገር ነበር።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሣለ አስረዳን። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን እያሳደደ ይገድላል። ነቀርሳው በፍጥነት ይራባል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኒም እንዲሁ። መድኃኒቱ ደግሞ ወዳጅን ከጠላት አጥርቶ አይለይም። ስለዚህ አንድ ዙር ይሰጥና ጤነኛው አካል እስኪያገግም ይጠበቃል። የእርሷ ዙር 21 ቀን ነበር፤ እንዲህ ያለ 4 ዙር።

"ሃያ አንድ ቀን!" አለችኝ ደረጃውን ስንወርድ፤ "ዶሮ እንቁላሏን የምትታቀፍበት ጊዜ አይደል?"

ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉት፣ እንደ ካርካዴ የቀላ ነው። ነርሷ በመርፌ ቀስ እያደረገች በደም ሥሯ እየሰጠቻት፣ "ሽንትሽ አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ እንዳትደነግጪ፤ ደም ሳይሆን የመድኃኒቱ ቀለም ነው" አለቻት። ያን ቀን ከሰማናቸው ብዙ የማጽናኛ ቃላት ይልቅ ይህ አንዱ ማታ እንቅልፍ ሰጠን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቤታችን የተሰደደው ቡና ነው። ለትውከቱ ኪኒን ነበራት፤ ለሽታ ግን ኪኒን የለም። ቡና ካልጠጣች ራሷን የሚያማት ሴት፣ የሚቆላ ቡና ሲሸታት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትሮጥ ጀመር። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከታች ቡና ሲቆላ ጢሱ ደረጃ ለደረጃ ወደ እኛ ይወጣል። ታች ያሉትን እትዬን እያፈርሁ ብነግራቸው፣ "ይሄን ለመናገር ነው እንዲህ ያቀረቀርከው? ምድጃዬን ወደ ግቢ አወርዳለሁ" አሉኝ። በማግስቱ በእኛ ደረጃ የሚኖሩ ሴቶች ቡናቸውን ከልብስ ማስጫው አጠገብ ሲቆሉ በመስኮት አየሁ። ስብሰባ የጠራ አልነበረም።

ምግቡ ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይላት ነበር። የብረት ማንኪያውን በእንጨት ማንኪያ ተካሁት። ትኩስ ወጥ ሽታው ስለሚያባርራት፣ የቀዘቀዘ ድንችና በማር የተበጠበጠ በሶ ይሻላት ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነው። ትውከቱ ቆሞ ፊቷ ሲመለስ፣ ከውስጥ ግን ነጭ የደም ሴሎቿ እጅግ የሚያንሱበት ጊዜ ነው። የታዘዝነው አጭር ነበር፦ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳይነጋ ኑ። ቴርሞሜትሩን ከራስጌ አኑሬ ጠዋትና ማታ በግጥም ደብተሬ ላይ መዘገብሁ፤ 36.6፣ 36.9፣ 37.2። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ስለ ጎደለች ጥቂት ሳንቲም መጨነቅ የለመደ ሰው፣ ስለ አንዲት ነጥብ መጨነቅም አይከብደውም።

ታዲያ ጠያቂ የሚበዛው በዚሁ ሳምንት ነው። "ታማለች" ከተባለ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ጠያቂም ሳይስም አይቀመጥም፤ ጉንፋን ይዞትም ቢሆን ጉንጭ እያፈራረቀ ይስማል። ጠያቂን ከደጅ ለመመለስ የሚሆን ጨዋ ቃል በአማርኛ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ሁለት ወንበር አውጥቼ በመተላለፊያው ላይ አኖርሁ። በሩ ተከፍቶ እርሷ ከውስጥ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ጠያቂው ከደጅ እጅ ይነሣል፤ እርሷም አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ከገጠር የመጡት አጎቷ ግን፣ "ልጄን ሳልስም ልመለስ?" ብለው ቆሙ።

"አባባ፣ ደሟ ደክሞ ነው። ጥቂት ቀን ይታገሱን።"

ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ "ለምርቃትስ በር አያግደውም" ብለው፣ ከመተላለፊያው እንደ ቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መመረቅ ጀመሩ። በየበሩ ብቅ ያሉት ጎረቤቶች በሙሉ አሜን አሉ።

እናቷ በበኩላቸው ጠበል ይዘው መጡ። ያልፈላ ውኃ በእነዚያ ቀናት እንዳትጠጣ መታዘዟን ስነግራቸው፣ የምመልሰውን እየፈራሁ ነበር። እርሳቸው ግን፣ "ጠበል ቢፈላ በረከቱ ይተናል ያለህ ማነው?" ብለው ድስቱን ራሳቸው ጣዱት።

በ17ኛው ቀን ጠዋት ፀጉሯ ከትራሱ ላይ ቀረ። ይህን አስቀድመው ነግረውናል፤ ሆኖም በሀገራችን ሴት ራሷን ተላጭታ ስትታይ የቅርብ ሰው እንደ ሞተባት ይቆጠራል። "በመላጫ ማሽንህ ላጨኝ፤ በየቀኑ ሲረግፍ ከማይ በአንድ ጊዜ ይሂድ" አለችኝ። ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በትከሻዋ ላይ ፎጣ ጥዬ ላጨኋት። አንዳችን ለሌላው ቃል አልተናገርንም። ሲያልቅ በመዳፏ ዳሰሰችውና፣ "ጭንቅላቴ ክብ መሆኑን አላውቅም ነበር" አለች።

ሻሽ ገዝቼላት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ልትሞቅ ስንወርድ ሻሹን በእጇ እንደ ያዘች፣ ራሷን ገልጣ ተቀመጠች። ከሌላው ሕንፃ የሚመጡ አንዲት አሮጊት አዩዋትና ደረታቸውን ደቁ።

"ልጄን! ማን ሞተብሽ?"

"ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ። የመድኃኒት ነው። እኔም አለሁ።"

አሮጊቷ ትንሽ ቆዩ። "እሰይ" አሉ በመጨረሻ፤ "እንኳንም አለሽ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ የግቢው ሰላምታ ሆነ። "እግዜር ያጥናሽ" የሐዘንተኛ ነው፤ "እንኳን ደስ ያለሽ" የሙሽራ ነው። "እንኳንም አለሽ" ግን የእኛው ነው፤ በሁለቱ መካከል የበቀለ። በግቢ የሚቆላው ቡና፣ ከደጅ የተዘረጋው ወንበር፣ የፈላው ጠበል፣ ሁሉም ቀድሞ የተጻፈ ሥርዓት አልነበራቸውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሰው ለሰው ሲል አበጃቸው።

በ21ኛው ቀን ደሟ ተመረመረ፤ ነጭ የደም ሴሎቿ ከፍ ብለዋል። "ጫጩቷ ተፈለፈለች?" አልኋት። "አንዷ። ሦስት እንቁላል ይቀረናል" አለችኝና ለሁለተኛው ዙር ክንዷን ዘረጋች።

በእነዚያ ሳምንታት የጻፍሁት ግጥም ይህ ብቻ ነው፤ ከትኩሳት መመዝገቢያው ገጽ ጀርባ ላይ ይገኛል።

ለሠርጉ ዘፈን ነው፣ ለለቅሶውም ሙሾ፤
ለመሃሉ መንገድ እኔ ልሁን ማሾ።
እስኪነጋ ድረስ ቀን ቆጥሬ ልንደድ፣
ሃያ አንዷን ሌሊት ካንቺ ጋር ልራመድ።

ሳነብላት ሳቀች። "በኮንዶሚኒየም ቤት ማሾ ከየት አመጣህ?" አለችኝ። ከሙሾ ጋር ቤት የሚመታ ሌላ ብርሃን አላገኘሁም አልኋት።