ስለ «ኤርታሌ» ዘፈንና ስለ አፋሮች ዳጉ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኛ የምንተዳደረው በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ነውና፥ መዝገብ ለማድረስ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንመላለስበታለን። በዚህ ዓመት ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር 17 ዓመት የሆነውን ልጃችንን አስከትለን ሄድን። ይህንም ያደረግነው ልጁን ለማስደሰት ብለን አይደለም፤ ቤት ቢቀር የሣጥናችንን ቁልፍ ይሰብራል ብለን ፈርተን ነው እንጂ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጊታሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የፈተናውን ውጤት ባየን ጊዜ ከእጁ ወስደን ቈለፍንበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ አባዬ» ከማለት በቀር ብዙ ቃል አልነገረንም።

ስለ ዘፈን ያለንን አሳብ አስቀድመን ብንገልጽ ይሻላል። በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን በአለንጋ ተምረናል፤ ቀጥሎም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአርሞኒየም እየታጀብን ዘምረናል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያደገ ሰው አዝማሪነትን ለልጁ አይመኝም። ይህን ሳናፍር እንናገራለን፤ ከአንባቢዎቻችንም ብዙዎቹ በልባቸው እንደኛ ሳያስቡ አይቀሩም።

መኪናው አዋሽ አርባን እንዳለፈ፥ ልጃችን ከሾፌሩ ጋር ተስማምቶ በስልኩ ያለውን ዘፈን አሰማን። የጊታሩ ጩኸት በመጀመሪያ አስደነገጠን። «ይህ ምንድን ነው?» ብንለው፥ «ጃኖ ባንድ ነው፥ አባዬ፤ አልበሙም ኤርታሌ ይባላል» አለን። ጃኖ አባቶቻችን መኳንንት የሚለብሱት ባለ ቀይ ጥለት የክብር ልብስ ነው፤ ኤርታሌም በሰሜን አፋር እሳት የሚተፋው ተራራ ነው። ሁለቱን ስም ባንድ ላይ የደፈረ ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ፥ ልጁ ከብዙ ወር ዝምታ በኋላ አፉን ከፈተ።

እንደ ነገረን፥ ባንዱ ሮክ የሚባለውን የፈረንጅ ጊታር ካገራችን ቅኝት ጋር አዋሕደው የሚጫወቱ የአዲስ አበባ ወጣቶች ያቆሙት ነው፤ ከድምፃውያኑም ሁለቱ ሴቶች ናቸው። «ኤርታሌ» የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ሲሆን፥ ሥራውን የመራላቸው ከእጅጋየሁ ሽባባው ጋር የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ባንዱን ያሰባሰቡት አቶ አዲስ ገሠሠ ደግሞ አስቀድሞ ከጃማይካዊው ከዚጊ ማርሊ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ከዚህም በፊት በቺካጎ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ዳሎል» የሚባል ባንድ ነበራቸው፤ ዚጊ ማርሊ በ1988 ባወጣው አልበም ላይ ከእርሱ ጋር የተጫወቱት እነርሱ ናቸው። ዳሎልም ከባሕር ጠለል በታች ያለ የአፋር የጨው ምድር ነው። ከዚህ በረሃ ስሙ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው። እኛ ግን በዚሁ በረሃ ዳር ስንኖር አንዱንም አልሰማንም ነበር።

ደግሞ የሮክ አባት ብሉዝ ነው አለን። ብሉዝ በአሜሪካን አገር በደቡብ በኩል የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች በጥጥ እርሻ ላይ ያወጡት ዘፈን ነው። ከነርሱ አንዱ ሙዲ ዋተርስ በ1941 ገና በሚሲሲፒ እርሻ ላይ ሳለ አለን ሎማክስ የሚባል የዘፈን ሰብሳቢ ድምፁን ቀዳው፤ በ1943 ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በዚያም የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ስሙ ታወቀ። ብሉዝ የሚዘፍን ሰው ብዙውን ጊዜ «እኔ» ብሎ ይጀምራል፤ ጎርፉን፥ ባቡሩን፥ እስር ቤቱን እንደ ደረሰበት አድርጎ ያወራል። የምስክር ቃል መጻፍ እንጀራችን ነውና ይህ ነገር ከጩኸቱ ይልቅ ቶሎ ገባን። (የኛም ባቲ የሚባለው ቅኝት ስሙን ያገኘው አፋሩ ግመሉን ነድቶ፥ ደገኛውም እህሉን ጭኖ በሰኞ ገበያ ከሚገናኙባት ከተማ ነው ይባላል፤ ስለዚህ በረሃው በክራራችን ላይ ቀድሞም ስም ነበረው።)

ገዋኔ ስንደርስ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲጠግን ሳለ፥ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጠሩን፤ ሾፌሩም የአፋር ልጅ ነበርና ቃላቸውን ይተረጉምልን ጀመር። ዳጉ ጠየቁን። በዚያ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሳይቀመጡና ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ማን እንደ ሞተ፥ በመንገድ ምን እንደ ታየ ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው ያየውን ካየው፥ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሐሰት ዳጉ ማስተላለፍ ታላቅ ነውር ነው።

በዚህ መካከል ስልኩ ዘፈኑን ይቀጥል ነበርና፥ ሽማግሌው፦ «ይህ ጩኸት ምን ዳጉ ይዟል?» አሉ። ስሙ ኤርታሌ መሆኑን ነገርናቸው። «ዘፋኞቹ ተራራውን አይተውታል?» አሉ። እኛም፥ ልጁም አናውቅም ነበር። ሽማግሌው፦ «ያላየ ሰው ከማን እንደ ሰማ መናገር አለበት» አሉን። የኛ ዳኛም ለምስክር የሚሉት ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ደስ አለን፤ የልጁ ነገር የተፈረደበት መሰለን።

ልጁ ግን አቀርቅሮ ጥቂት ከቈየ በኋላ፦ «አባባ፥ እኔ ያየሁት አለኝ» ብሎ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነላቸው። ዘፈኑ በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ወር በአዋሽ ፈንታሌ ምድሪቱ ስለ ተንቀጠቀጠችበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከቀዬው ወጥቷል። እኛም ከቤተ ሰባችን ጋር ሌሊት ሌሊት በደጅ አድረናል። ልጁ በነዚያ ሌሊቶች በመንገድ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች፥ በላያቸው ያለውን ምንጣፍና ሕፃናት፥ አንዲትም ጀሪካኗን አቅፋ የተቀመጠች አሮጊት አይቶ ኖሯል። እናቱ በየምሽቱ ጫማችንን በበር በኩል ትደረድር እንደ ነበር ሳይቀር በዘፈኑ ውስጥ አለ። ከኛ አጠገብ ተኝቶ ይህን ሁሉ እንደ ያዘ አላወቅንም ነበር።

ሾፌሩ ጎማውን ትቶ ቃል በቃል ተረጐመ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አረሙ፦ «ልጄ፥ ሁሉ ሸሸ አትበል። ከብት ያለው ሰው ከብቱን ጥሎ አልሄደም፤ ወንድሜ እዚያው ቀርቷል።» ልጁም ራሱን ነቅንቆ ተቀበለ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ አርመነው አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተቀበለንም።

በሰመራ አራት ቀን ተቀመጥን። ሙቀቱ እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረምና፥ ልጁ በጨለማ ያንኑ ስንኝ እየደጋገመ ሲያሰላስል እንሰማው ነበር። በሦስተኛው ቀን መዝገብ ስንገለብጥ፥ አንዱ ምስክር «ያየኋቸው ሰዎች» ያለውን እኛ «ሰዎቹ ሁሉ» ብለን ጽፈን አገኘን። ገጹን ቀድደን እንደ ገና ጻፍነው።

ወደ አዋሽ እንደ ተመለስን ሣጥኑን ከፈትነው። ከስድስቱ የጊታር ክሮች አንዱ ተበጥሷል፥ አንዱም ዝጓል። በከተማው ፈልገን ስላጣን፥ አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችን ገዝቶ እንዲልክ ጻፍንለት። እስኪመጣ ድረስ ልጁ በአራቱ ክር ይጫወታል፤ «ሁሉ» የሚለውን ቃል አውጥቶ በምን እንደ ተካው ግን ገና አልነገረንም።