ሺዙኦካ፦ የትንንሽ መኪኖች ከተማ

ከቶኪዮ ወደ ምዕራብ በሺንካንሰን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ብትጓዙ ሺዙኦካ ትደርሳላችሁ። ትኬት ስትቆርጡ ግን ልብ በሉ፤ «ኖዞሚ» የሚባለው ከሁሉም ፈጣኑ ባቡር እዚያ አይቆምም። በቀኝ በኩል ከተቀመጣችሁና ሰማዩ ከጠራ የፉጂ ተራራ በመስኮቱ በኩል ያልፋል። ጃፓኖች ሺዙኦካን የሚያውቋት በአረንጓዴ ሻይዋ ነው። ልጅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ የሞዴል መኪና።

በከተማዋ ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ የፖስታ ሳጥን አለ። የሞዴል መኪና ዕቃዎች ሲሸጡ ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር እንደተያያዙ ነው፤ እየነቀላችሁ ትገጣጥማላችሁ። የፖስታ ሳጥኑም ገና ያልተገጣጠመ ሞዴል መስሎ ተሠርቷል። በጣቢያው ደቡብ በር በኩል ደግሞ የከተማዋ አምራቾች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ሆቢ ስኩዌር አለ። ከእነዚህ አምራቾች በስም የገነነው ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀምር እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ የገባው በ1960 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 ነው።

እኔና ባለቤቴ የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዘን የሄድነው መኪና እያከራየ ወደሚያስነዳ አንድ ትንሽ የቤት ውስጥ ትራክ ነበር። ነጂዎቹ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ መኪኖቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ልጃችን ረጅሙን ቀይ መኪና ጠቆመ። ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ትንሿን ሰጠው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዙር መጨረስ ጀመረ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሳጥን ላይ የተጻፈ የፍጥነት ቁጥር ገዢን እንዴት እንደሚያማልል አውቃለሁ። ሳጥኑ የማይነግራችሁ ግን «ወለላችሁ ምን ዓይነት ነው? የሚነዳውስ ማን ነው?» የሚለውን ነው። ምርጫው ያለው እዚያ ላይ ነው።

መዳፍ የምታህለው

የኪዮሾ ሚኒ-ዜድ ከእውነተኛው መኪና 27 ወይም 28 ጊዜ ያነሰች ናት። በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ትሠራለች፤ ሳሎን ውስጥ በተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ወይም ስፖንጅ ላይ ትዞራለች። ቦታ ለሌለውና በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ የምትመች እሷ ናት። ጠላቷ ፀጉርና አቧራ ነው፤ ጎማዋ ሥር ሲጠመጠም ታንቃ ትቆማለች።

አጭሯ

የታሚያ «ኤም» የሚባሉት የ1 ለ10 አጫጭር ሻንሲዎች እንደ ሚኒ ኩፐር ያለ ቦዲ ይለብሳሉ። ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ210 እስከ 239 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ በጠባብ ትራክ ላይ ቶሎ ይታጠፋሉ። ጉልበታቸው ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው፣ ለምሳሌ ኤም-05፣ ለጀማሪ ይሻላል፤ ጎማው መኪናውን ወደ ኩርባው ይስበዋል እንጂ ጅራቱ አያመልጥም። በኋላ ጎማ የሚገፋው ኤም-06 ግን ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር መዞር ያምረዋል።

አራቱም ጎማ የሚጎትተው

ቲቲ-02 ከ2013 ጀምሮ የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ መኪና ነው። ቁመቱ አንድ ክንድ ይጠጋል። አራቱም ጎማ ስለሚጎትት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ማርሹ የተሸፈነ ስለሆነም ጠጠር እንደልቡ አይገባበትም። ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ፍጥነት ሳይይዝ ግድግዳው ይደርሳል።

ፎርሙላ ዋን መሰሉ

ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው፤ ልጄ የጠቆመውም እሱን ነበር። ጉልበቱ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ምንም ሳይሸፍናቸው ወደ ውጭ ወጥተዋል። ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ምቱን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። እጁ ለተፍታታ ሰው ደስታ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን ብሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ ይሆናል።

ወደ ቤት ሲመለሱ

እነዚህ ሁሉ የሚነዱት ለስላሳ ወለል ላይ ነው፤ ሆዳቸው ከመሬት በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። የሰፈራችን ኮብልስቶን አይሆናቸውም፤ የተወለወለ ሴራሚክም ያንሸራትታቸዋል። ለስላሳ ሲሚንቶ ወይም ጠጠሩ የተጠረገ አስፋልት ያስፈልጋል። መኪና በማይገባበት የግቢ ጥግ አራት ጠርሙስ ብታቆሙ ትራክ ይሆናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። የሚገጣጠሙት ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ ያለ ሪሞት፣ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጡት፤ ዋጋው ርካሽ የሚመስለውም ለዚህ ነው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካልተጻፈበት አዲስ አበባ ሶኬት ላይ በሰካችሁበት ቅጽበት ይቃጠላል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ካላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ቻርጅ ሲደረግም ሰው ከአጠገቡ አይራቅ።

በመጨረሻም ገንዘባችሁ ለአንድ ፈጣን መኪና ወይም ለሁለት ተራ መኪኖች የሚበቃ ከሆነ ሁለቱን ግዙ፤ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ልጅ ብቻውን የሚያዞረው መኪና፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ሳምንት ሳይሞላው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። አባት ወይም እናት ከኋላ እያሳደደው ከሆነ ግን «አንድ ዙር ብቻ!» እያለ እራት ያቀዘቅዝባችኋል።