ግንብ የሌለው አምባ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ለሚጓዝ ሰው ሀምበሪቾ ከሩቅ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ይህ ተራራ ለከምባታ ሰው የዘር መነሻው ነው። በትውፊቱ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ጎሳዎች፣ «ሀምበሪቾ ላመላ» የሚባሉት፣ የሰፈሩት እዚህ ነው። ኋላ መንግሥቱ በኦያታ ጎሳ እጅ ገባ። «ወማ» የሚባሉት ነገሥታትም 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል የአፄ ምኒልክ ጦር እስኪመጣ ድረስ አገሩን ገዙ።

ዛሬ ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ 777 ደረጃዎችን ይረግጣል። ጎንደርን ያየ ሰው እዚህም ቅጥርና ፍርስራሽ መፈለጉ አይቀርም፤ ግን የለም። የአገሩ ቤት የእንጨትና የሣር ነው፤ ክዳኑ ካልታደሰ ዝናቡ ያበሰብሰዋል፣ ቦታውም ታርሶ እንሰት ይተከልበታል። በየጓሮው ሴቶች የእንሰቱን ልጥ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ በተረከዛቸው ረግጠው ይፍቃሉ። ከዚያ የሚገኘው ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስንቁን ከመሬት በታች የሚያኖር ሕዝብ የድንጋይ ጎተራ ባይሠራ አልገረምም።

የጎረቤት ሐድያም እንዲሁ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ሐድያ 40,000 ፈረሰኛ እንደነበራት፣ በገበያዋም የብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ንጉሧ አማኖ ለአፄ ዓምደ ጽዮን አልገብርም ብሎ ተዋግቷል። የሐድያው ገራድ ልጅ እቴጌ እሌኒ ደግሞ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆኑ፤ በስተርጅናቸውም ለሕፃኑ አፄ ልብነ ድንግል አገር እያስተዳደሩ መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። ከኢትዮጵያ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ስትራቴጂን እንደ እሳቸው የተረዳ ጥቂት ነው። ሆኖም የአባታቸው መቀመጫ ይህ ነው ብሎ በጣት የሚያሳይ አይገኝም። የያኔዋ ሐድያ ከዛሬዋ ሆሳዕና በስተምሥራቅ ሰፍታ ነበር፤ የግራኝ ጦርነትና ከእሱ በኋላ የመጣው የሕዝብ ፍልሰት ሕዝቡን ወደ ምዕራብ ገፋው።

የቀረው የዘር ሐረግ ነው። ሽማግሌው ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየቆጠረ እስከ ጎሳው መሥራች ይወጣል። እነዚህ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹ መቅረጫ ይዘው ወደ ሀምበሪቾ ቀበሌዎች ይውረዱ፤ ደረጃውን ለሚወጣው እንግዳም የጎሳዎቹና የወማዎቹ ስም በአማርኛና በከምባትኛ ተጽፎ ይቁምለት።