አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ

ስለ ኮሮና ጊዜ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ያንኑ ነው፤ ጭምብሉን፣ በየበሩ የተቀመጠውን የእጅ መታጠቢያ፣ በየቀኑ የሚነገረውን ቁጥር። በዚያ ጊዜ የወለዱ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ በምትገኘው በእኛዋ ሽንፋ ያሉ ሴቶች ጋ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ብትጠይቁ ግን በሽታውን ብዙም አያነሱትም። "እናቴን በር ላይ አስቀሯት" ነው የሚሏችሁ።

በእኛ አካባቢ ሴት ስታምጥ ብቻዋን አትተውም። እናቷ፣ አክስቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤት ይሰበሰባሉ። አንዷ ወገቧን ትይዛለች፣ አንዷ ውኃ ትጥዳለች፣ ከአንዷ አፍ "ማርያም ማርያም" አይጠፋም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱዓ ያደርጋሉ። ይህን ሁሉ ትቶ ነጭ ግድግዳ ወዳለበት ክፍል ገብቶ መውለድ የተለመደው ገና ትናንት ነው። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 10፣ በ2008 26፣ ኮሮና ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው በ2011 ደግሞ 48 ደረሱ።

ያ ቁጥር ዝም ብሎ አልወጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚያ ቆላ ፀሐይ ቤት ለቤት ዞረውበታል። በመንግሥት ተቋም መውለድ ያለ ክፍያ ሆኗል፤ ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ጤና ጣቢያዎችም ብልህ ሆኑና ለአራሷ እዚያው ገንፎ ማስገንፋት፣ ቡና ማፍላት፣ እልልታውን መፍቀድ ጀመሩ። ገንፎው ከተለጠፈው ፖስተር ሁሉ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። የኛ ሰው ሐኪም አይጠላም። የሚፈራው ለማያውቁት ሰው ተሰጥቶ መቅረትን ነው። ገንፎው "ቤተሰብሽንም ይዘሽ ነይ" የሚል መልእክት ነበረው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። በዚያው ሰሞን የጤና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ዶክተር ሊያ ታደሰ በሙያቸው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም መሆናቸው ያኔ ብዙም አልተወራም። የየብስ ድንበሩ ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ድንበር ተዘጋ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የመሀል አገር ሰው ላይገባው ይችላል። ዘመድ ወዲያ ማዶ አለ፣ ገበያው ወዲያ ነው፣ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉግ የምንለው፣ በየበረሃው ይንቀሳቀሳል። ከሱዳን የሚመለሱት መተማ ላይ ለይቶ ማቆያ ሲገቡ፣ ከድንበር አካባቢ የመጣ ሰው ሁሉ በሌላው ዓይን ተጠርጣሪ ሆነ። ሪፈር የተባለች ነፍሰ ጡርም "ከየት ነው የመጣችው?" ስትባል "ከሽንፋ" ብሎ መመለስ የሚያሳቅቅ ነገር ሆኖ ነበር።

የሙቀት መለኪያውን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሚያዝያ ላይ በእኛ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሴትየዋ ምጥ ይዟት፣ በባጃጅ ወይም በጭነት መኪና ጋቢና ተንገላታ፣ ፀሐይ ግንባሯን ሲጠብሳት ቆይቶ በሩ ላይ ትደርሳለች። ዘበኛው ያንን ሽጉጥ መሳይ መለኪያ ግንባሯ ላይ ይደግናል። ፀሐይ የመታው ግንባር ደግሞ እውነቱን አይናገርም። "ሙቀት አለሽ፣ እዚያ ድንኳን ሥር ጠብቂ።" በዚያ ላይ አገሩ የወባ አገር ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ትኩሳት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ትኩሳት ሁሉ ኮሮና ሆነ። ጥላ ሥር ትንሽ አሳርፎ እንደገና መለካት ይህን ያህል የሚከብድ ነገር አልነበረም።

አንዲት ጎረቤታችን በዚያው ዓመት ክረምት ሪፈር ተጽፎላት ከእናቷ ጋር ሄደች። የሄደችበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልነበረ። በሩ ላይ ዘበኛው አሮጊቷን "እናቴ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፣ አስታማሚ አይገባም" አላቸው። ልጅቷ ብቻዋን ገባች። አሮጊቷ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ከሰዓታት በኋላ ከውስጥ ወረቀት ወጣ። ከግል መድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚመጣ መድኃኒት ነው። ዘበኛው ጭምብሉን ሳያወልቅ "የእገሊት አስታማሚ!" እያለ ይጣራል። አሮጊቷ አልሰሙም፤ ቢሰሙም ፊደል አልቆጠሩም። በኋላ ወረቀቱን አንብቦ መድኃኒቱን ገዝቶ ያመጣው ሚስቱን ያስገባ ሌላ የማያውቁት ሰው ነው። ልጅቷ ተርፋለች፣ ልጁም አድጓል፣ ምስጋና ለፈጣሪ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ "ልጄ ደም ሲፈሳት እኔ ዛፍ ሥር ተኝቼ" ይላሉ።

እኔን የሚያብከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚ እንግዳ አይደለም፤ ግማሽ ሠራተኛ ነው። መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው። የላብራቶሪ ውጤት የሚያመላልሰው፣ ደም ሲጠፋ ክንዱን የሚሰጠው፣ የቆሸሸውን ጨርቅ የሚያጥበው፣ ሌሊት አዋላጇ ሌላ ምጥ ላይ ሆና ሳለ "ኧረ ልጄ፣ ደሙ በዝቷል ነይ!" ብሎ የሚጣራው እሱ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ የሚገድለውም በሰዓታት ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት አልጋው ዳር የተቀመጠ ዓይን ራሱ ሕክምና ነው። ነርስ ሁሉን ነገር በምትሠራበት አገር የወጣን ደንብ፣ ሁሉን ነገር ቤተሰብ በሚሠራበት አገር እንዳለ ለጠፍነው። የአስታማሚውን ሥራ ማን ይሥራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እዚያ ውጭ አገርም ቢሆን እንዲህ ያለው ደንብ በየቦታው አልጸናም። በዚያው በመጋቢት ኒው ዮርክ ውስጥ ትላልቅ ሆስፒታሎች ከወላድ ጋር ማንም አይግባ ብለው ነበር። ሴቶቹ ጮኹ፣ የግዛቱ አስተዳደርም በቀናት ውስጥ አንድ አጋዥ ሰው የግድ ይግባ ብሎ አዘዘ። የዓለም የጤና ድርጅትም በወረርሽኙ ጊዜም ቢሆን ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ ሕፃኑም ከእናቱ እንዳይነጠልና ጡት እንዲጠባ ነበር የሚመክረው። ያ ምክር ወደ እኛ ዘበኛ ጆሮ አልደረሰም። "ርቀታችሁን ጠብቁ" የሚለው ግን በአንድ ሳምንት ደርሷል።

አዋላጆቹን ልወቅስ አይደለም። በዚያ ሙቀት፣ ማራገቢያ በሌለበት ክፍል፣ አንድ ጭምብል ቀኑን ሙሉ አድርጋ፣ ጓንት ቆጥባ ታዋልድ የነበረች ልጅ አውቃለሁ። ማታ ቤት ስትገባ ልጇን በበር ስንጥቅ እያየች ነበር የምታድረው። ሕመምተኛ ለማጽናናት እጅ መያዝ የተማረች ልጅ እጅ መያዝ ወንጀል ሆነባት። "አክባሪና ተንከባካቢ" የሚለው የጤና ሚኒስቴር መፈክር ከጀርባዋ ተለጥፎ እሷ ከወላዷ ሁለት ክንድ ርቃ "ግፊ!" ትል ነበር። እኔ አዝንላታለሁ እንጂ አልፈርድባትም። የምፈርደው በሩን ዘግቶ ለሷ ተጨማሪ እጅ ባልሰጣት አካል ላይ ነው።

አንዳንድ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጭራሽ ወደ ሐኪም ቤት አልሄዱም። ብቻዬን ከምገባ ቤቴ ይሻለኛል ብለው የልምድ አዋላጅ ጠሩ። ክረምት ላይ የሽንፋ መንገድ ጭቃ ሲውጠው፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ራሱ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሆኑን ስታስቡት፣ ቤት መቅረቱ የደካማ ሰው ውሳኔ አይደለም። በነገራችን ላይ በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች በበጋው ኩሬ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ከቶባ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ተርፈዋል ይባላል። የዚያ ዘመን ሴቶችም እዚሁ ወልደዋል፤ ብቻቸውን ወልደዋል ቢሉኝ ግን አላምንም።

ነገሩ አለፈ የሚለኝ ሰው አለ። ጭምብሉ አልፏል። በሩ ላይ የተለጠፈው "አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ" የሚለው ወረቀት ግን ኮሮና ከሄደም በኋላ ያልተነሳበትን ቦታ አውቃለሁ። መጀመሪያ ለበሽታ ተለጠፈ፣ አሁን ለጸጥታና ለጽዳት ነው ይላሉ። ወረርሽኝም ቢሆን ጨርሶ አልተወንም። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ነፍሰ ጡሮች ጭምር በመተማ በኩል ገቡ፤ በዚያው ዓመት ኩመር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ተነሳ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተባባሰና አምቡላንስ መንገድ ላይ መውጣት ራሱ ፈተና ሆነ። በነዚህ ሁሉ መሀል ወላድ ነበረች፣ በየቦታውም በር የሚዘጋባት ሰው ነበር።

ስለዚህ በ2012 እና በ2013 ከሽንፋ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከቋራ፣ ከየትም ቆላ ሪፈር ተብላችሁ የወለዳችሁ እህቶቼ፣ እስቲ ጻፉልኝ። ማን አብሯችሁ ገባ? ማን ውጭ ቀረ? መድኃኒቱን ማን ገዛላችሁ? የተቋሙን ስም አትጥሩ፤ የሆነውን ብቻ ንገሩኝ። ዛሬም ያ ወረቀት በሩ ላይ ካለ ደግሞ እሱንም ጻፉልኝ፤ አሰባስቤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ።