የሰመጠው ከተማ ሰው የት አደረ?

ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርኩ ብዙ ኮሚኮች የሚሳሱለት አንድ ሥዕል አለ፤ ከተማው በውሃ ተውጦ የሕንፃ አናት ብቻ ብቅ ያለበት። ሠዓሊው ሁለት ሙሉ ገጽ ይለቅለታል። የዚያ ከተማ ሰው ማታ የት አደረ? እሱ በአንዲት ጠባብ ሳጥን ይታለፋል። የሱዳኗ ኒው ሀልፋ የዚያች ጠባብ ሳጥን አገር ናት።

*

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ የሱዳኑን ዋዲ ሀልፋ ሲውጥ፣ ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ 50,000 ያህል ኑቢያውያን በባቡር ተጭነው ካሽም ኤል ጊርባ አካባቢ፣ አትባራ ወንዝ ዳር ተራገፉ፤ አዲሱ ሰፈር ኒው ሀልፋ ተባለ። የመጡት ዝናብ ብርቅ ከሆነበት በረሃ ነው፤ እዚህ ክረምት አለ፣ ነጎድጓድ አለ። መንደሮቻቸው በቁጥር ተሰየሙ። ይህን ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን «አበዛው» እል ነበር።

*

በድሮ አገራቸው የቤታቸውን ፊት በቀለምና በጭቃ ቅርፅ ያስጌጡ ነበር፤ ሳህን ሳይቀር ግድግዳው ላይ ይተክላሉ። እዚህ የጠበቃቸው አንድ ዓይነት ቤት በረድፍ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

*

ውሃው ከመድረሱ በፊት ካዚሚዬርዝ ሚካዎቭስኪ የሚመራቸው የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች በዚያው በኑቢያ፣ ፋራስ ላይ ከአሸዋ ሥር አንድ ካቴድራል አወጡ። ከመቶ በላይ የግድግዳ ሥዕል ነበረው፤ ዐይናቸው የፈጠጠ መላእክትና ቅዱሳን፣ የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላየ ሰው ባዕድ የማይሆኑ። ከፊሉ ዋርሶ ገባ፣ ከፊሉ ካርቱም። ሰዎቹ ወደ ኒው ሀልፋ ጥጥ እርሻ፣ ሥዕሎቹ ወደ ሙዚየም። የካርቱሙ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በተነሳው ጦርነት ተዘረፈ። ከጥፋት የተረፈን ነገር ሁለተኛ ጥፋት ሲያገኘው የሚያሳይ ኮሚክ እስካሁን አላነበብኩም።

*

ፍርስራሽ በመሳል የ«አኪራ»ውን ካትሱሂሮ ኦቶሞ የሚስተካከል የለም፤ የእያንዳንዱ መስኮት ስብርባሪ ይቆጠራል። እኔ ግን ለሀያኦ ሚያዛኪ «ናውሲካ» አደላለሁ። ጥፋቱ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ ልጅቷ ምድር ቤት ተደብቃ፣ መርዛም የተባሉትን ተክሎች በንጹህ ውሃና አፈር ታሳድጋለች። ከፍንዳታ ይልቅ አፈር መመርመር ታሪክ ሲሆን ያየሁት እዚያ ነው።

*

አፈር ካልን፦ ኒው ሀልፋን የሚያጠጣው የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ተሠርቶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቦታ ለደለል አስረክቧል። ደለሉ ከእኛ ደጋ በተከዜና በአትባራ የወረደ ነው። የላይኛው አገር ማሳ በታችኛው አገር ግድብ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። አፈሩን ተከትሎ ሰዉም ይወርዳል፤ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ለሰሊጥ አጨዳ።

*

እኛም የኮሚክም የዓለም ፍጻሜ ተረትም እንግዶች አይደለንም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን ከፍለው፣ ከሥር ጽሑፍ አክለው የሚስሉ ሠዓሊዎች ኮሚክ የሚባል ነገር ሳይሰሙ ኖረዋል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ደግሞ ከጦርነትና ከረሃብ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ይላል። ቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1855 ሲነግሥ ያንን ስም ወሰደ። የትንቢት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ግብር የሰበሰበ ሌላ ሰው አላውቅም።

*

ገዳሪፍ ውስጥ ኡም ራኩባ የሚባል መጠለያ አለ። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ኢትዮጵያውያን ሰፍረውበት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። ደራሲ አንድን ሰፈር ለሁለተኛ ክፍል ቢደግመው አርታኢው «ሌላ ቦታ አጣህ?» ይለዋል። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ሱዳናውያን ከራሳቸው ጦርነት በመተማ በኩል ወደ እኛ ይሸሹ ጀመር።